ሻንጣዬ እንዴት 23 ኪሎ ገባ

ከድሬ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዱባይ ልበር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሻንጣዬ አልነሳ አለኝ። ቤት ሚዛን የለም። ጎትቼ ከፊራ ገበያ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ ጋ ወሰድኩት። «አቦ፣ ሻንጣም በኪሎ መሸጥ ተጀመረ?» ብላ ሳቀችብኝ። 29 ኪሎ! ትኬቴ የሚፈቅደው 23 ነው። ለካ እማዬ ሳትነግረኝ አራት ኪሎ በርበሬ ጎኑ ላይ ወትፋበታለች፤ ግማሹን መለስኩ። የተቆላውን ቡና ወደ እጅ ቦርሳ አዛወርኩ፣ ወፍራሙን ጃኬት ደግሞ በዚህ ሙቀት ሰው ቢስቅብኝም ለብሼው ልሄድ ወሰንኩ። ማሩ እዚያው ሻንጣው ውስጥ ቀረ፤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ይዞ መግባት አይቻልም። ፓወር ባንኩ ከልብስ መሀል ተገኘ፤ ሊቲየም ባትሪ ስለሆነ የግድ በእጅ ነው የሚያዘው። ድጋሚ ሲመዘን 22 ተኩል። ከነጋዴዋ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ።