የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰው ላለበት ቤተሰብ፦ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት

ሐኪሙ «ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል፣ እጥበት ያስፈልጋል» ካለ በኋላ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ወሬ ምን እንሽጥ የሚለው ነው። መኪናው፣ የእናትየው ወርቅ፣ ከዚያ ቤቱ። እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። የኩላሊት ወጪ በየሳምንቱ እየመጣ በር የሚያንኳኳ ወጪ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ድንጋጤ በርካሽ የተሸጠ ንብረት ገንዘቡ ሲያልቅ ታማሚው ገና እጥበት ላይ ነው።

ስለዚህ ከሽያጭ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ህመሙ ድንገተኛ ነው ወይስ የቆየ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በከባድ ኢንፌክሽን፣ በተቅማጥና ትውከት ፈሳሽ በማለቁ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም በመፍሰሱ ወይም እንደ ዲክሎፌናክ ባሉ ማስታገሻዎች የተጎዳ ኩላሊት ለተወሰነ ጊዜ እጥበት ከተደረገለት በኋላ ሊያገግም ይችላል። ስኳርና ደም ግፊት ለዓመታት ሲጎዱት የኖሩት ኩላሊት ግን አይመለስም፤ እጥበቱ ንቅለ ተከላ እስኪደረግ ወይም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ሐኪሞች ይህን የሚለዩት በአልትራሳውንድና ከቀድሞ የደም ምርመራ ጋር በማወዳደር ስለሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ የክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ካለ ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ያቺ ቢጫ የሆነች ወረቀት ብዙ ትናገራለች።

መልሱ «የቆየ ነው» ከሆነ አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና የወር ወጪውን ጻፉ። የተለመደው እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኛ አገር በገንዘብ ምክንያት ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠበው። የእጥበቱ ዋጋ ላይ የደም ማነስ መርፌውን፣ የግፊት መድኃኒቱን፣ የላብራቶሪውን፣ የሚጣሉ ዕቃዎችን፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም የሚረሳትን የትራንስፖርት ወጪ ጨምሩ። ከእጥበት የወጣ ሰው ዝሎ ስለሚወጣ ታክሲ ተጋፍቶ ቤቱ ይገባል ብላችሁ አታስቡ፤ ራይድ ወይም ኮንትራት ሂሳብ ውስጥ ይግባ። የሚመጣው ቁጥር ያስደነግጣል። ግን እሱን ሳያውቁ ገንዘብ ማሰባሰብ ከንቱ ድካም ነው። ለዘመድም፣ ለአለቃም፣ ለዕድርም የምትነግሩት «በወር ይህን ያህል ይጎድለናል» የሚለውን ነው፤ «እርዱን» ብቻ ሲባል ሰው አንዴ ሰጥቶ ይሄዳል፣ የወሩን ጉድለት ከሰማ ግን «የአንዱን ቀን እጥበት እኔ እችላለሁ» የሚል ዘመድ ይገኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን አትቆጥቡ። እጥበት በራሳችሁ ውሳኔ አትዝለሉ። አንድ ቀን ሲዘለል ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም፣ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም ከመጠን በላይ ጨምሮ ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ደግነቱ ተርፎ እንኳ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ከገባ ሂሳቡ የዘለላችሁትን ሊበልጥ ይችላል። ቀን መቀነስ ግድ ከሆነ ሐኪሙን አማክሩ።

ርካሽ ቦታ ተራ መያዝ

በግል ሆስፒታል እየታጠባችሁም ቢሆን የመንግሥት ሆስፒታል ተራ ዛሬውኑ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱ፣ ምኒልክና ጳውሎስ እጥበት ይሰጣሉ። ማሽኑ ጥቂት ነው፣ ጠባቂው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ተመዝግቦ መመለስ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ሂዱና ፊታችሁን አሳዩ። የሚሰለች ዘመድ ሳይሆን ደረቅ ያለውን ላኩ። የኩላሊት ህመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅትም አለ፤ እሱም ጋ ተመዝገቡ። ሆስፒታሉ ውስጥ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ካለ ሐኪሙን ከመለመናችሁ በፊት እዚያ ግቡ፣ ነፃ ወይም በቅናሽ የሚሆነውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የቤተሰቡ ገቢ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ከወረዳ የነፃ ህክምና ደብዳቤ ይጠየቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈራሉን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ያለ ሪፈራል ትልቅ ሆስፒታል ብቅ ካላችሁ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍን ይችላል። የዓመት ክፍያችሁ መታደሱን ዛሬ አረጋግጡ። እጥበትን እንደሚሸፍንላችሁ ግን በግምት አትተማመኑ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። እጥበቱ ባይሸፈን እንኳ ምርመራውና መድኃኒቱ ላይ የሚያቀልላችሁ ነገር አይጠፋም። መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት የሆስፒታሉን፣ የከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲዎች ጠይቁ፤ ለአንድ ዓይነት መርፌ ፋርማሲዎች የሚጠሩት ዋጋ ልዩነት ያናድዳል።

ሥራ እንዳይለቅ፣ እንዳትለቅ

ሰው ሲታመም ከሥራ ቦታው ጋር መጣላት ይመጣል። «ይቅርብኝ» ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባል። ይህን አታድርጉ! በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት ይቅረብ፣ አሠሪው ሳይውል ሳያድር ይነገረው፣ ያስገባችሁት ወረቀት ኮፒ ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው መሥራት አለመቻሉ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ከሥራ ቢሰናበት የጤና ጉድለት ጡረታ አለው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ይህን መንገድ ራሱ ላይ ይዘጋል።

አስታማሚውም ሠራተኛ ነው። አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ታላቋ ሴት ልጅ፣ ሥራዋን ትታ ሙሉ በሙሉ ማስታመም ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ቤቱ ሁለት ደመወዝ ያጣል። ተራ አውጡ። ማክሰኞ ወንድምየው፣ ሐሙስ የአክስት ልጅ። እጥበት ቀኑ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

ውክልና

ይህን መናገር ይከብዳል፣ «ሟርት ነው» የሚል አይጠፋም። ታማሚው አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ ለምታምኑት ሰው ውክልና ይስጥ፤ ባንኩ፣ ደመወዙ፣ የቤት ካርታው ጉዳይ ሁሉ በታማሚው ስም ከሆነ ራሱን የሳተ ቀን ገንዘቡ እያለ እናንተ ትለምናላችሁ። ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሰዉ አሁንም «ውልና ማስረጃ» የሚለው ቦታ ማለቴ ነው፣ ሄዶ መጨረስ ይቻላል። መንቀሳቀስ ካልቻለ ባለሙያ ወዳለበት የሚመጣበት አሠራር እንዳለ ጠይቁ። ውክልና ወካዩ ሲሞት እንደሚያበቃም እወቁ፤ የውርስ ወረቀት አይደለም።

ብድር፣ እቁብና ዕድር

እቁብ ካላችሁ ሰብሳቢውን አናግሩ፣ ለታመመ ሰው ቀድሞ ማስወጣት ያለና የኖረ ነው። ዕድራችሁ የሚከፍለው ለቀብር ብቻ ከሆነም ሊቀመንበሩን «ጋሼ፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ቢታሰብበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለታማሚም መርዳት የጀመሩ ዕድሮች አሉ። የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ከባንክ ይቀላል። አራጣ ግን አትንኩ። በየወሩ የሚመጣ ወጪን በየወሩ በሚወልድ ብድር መክፈል ታማሚውንም ቤቱንም ያሳጣል። መሸጥ የግድ ከሆነ ገቢ የማያመጣውን አስቀድሙ፦ ቆማ የምትውል የቤት መኪና ትሂድ፣ ኪራይ የሚገኝባት ሰርቪስ ቤት ትቆይ።

ጠያቂና ጸበል

ጠያቂ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ለእጥበት ታማሚ ከዚህ የማይስማማ ነገር የለም፤ ሁለቱም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። አቮካዶና የቲማቲም ድልህም እንደዚያው። ቲማቲምና ድንች የምትሠሩ ከሆነ መጠኑን የሥነ ምግብ ባለሙያ ይንገራችሁ። ሳታፍሩ በጊዜው ተናገሩ፦ «እትዬ፣ ፍራፍሬ ሐኪም ከልክሏቸዋል፣ ካሰቡልን የመርፌውን ይርዱን።» ሰው አይቀየምም፣ እንዲያውም ይገላግለዋል፣ ምን ይዤ ልሂድ ብሎ ሲጨነቅ ነው የሚውለው።

ጸበል መሄድ ለሚፈልግ ታማሚ ሁለት ነገር ይታወቅ። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ለእጥበት የገባ ቱቦ ካለ ውሃ ከነካው በቀጥታ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ከቱቦው ራቅ ተደርጎ ይረጭ። የሚጠጣው ጸበልም በቀን ከተፈቀደለት ፈሳሽ ላይ ይቆጠራል፤ ሾርባውም ሻዩም እንደዚሁ። የጸበሉን አባት ብታስረዱ ይሰሙዋችኋል። የእጥበት ቀን ግን በጸበል ምክንያት እንዳይታለፍ።

ንቅለ ተከላ ሲታሰብ

ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2008 ነው። አሁን ምን ያህል ሰው እየተቀበለ እንደሆነ እዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፣ ኩላሊት መግዛትና መሸጥ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ በቴሌግራም «ለጋሽ አለኝ» የሚላችሁን ሰው ወዲያው ብሎክ አድርጉ። ህንድ ካሰባችሁም ለጋሹና ተቀባዩ ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የኤምባሲ ወረቀት ይጠየቃል። የሕክምና ቦርድ ወረቀቱንና ባንኩ ለዶላር የሚፈልገውን ሰነድ ጎን ለጎን አስጀምሩ። ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ግን እዚህ ነው፦ የቀዶ ጥገናውን ዋጋ ብቻ ይሰበስባሉ። አዲሱ ኩላሊት እንዳይጣል የሚያደርገው መድኃኒት በየቀኑ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወሰዳል። የዚያን መድኃኒት የአንድ ዓመት ዋጋ ሳትይዙ አትሂዱ።

ሕዝብ ፊት መውጣት

በሞንታርቦና በባነር መለመን ይቻላል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ግን ታማሚው ራሱ ይፍቀድ። ፎቶው ተለጥፎ በቲክቶክ ላይ ካየ በኋላ ህመሙን የሚያውቅ ታማሚ አለ፣ ቤተሰቡ «እንዳይደነግጥ» ብሎ ደብቆት። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ገንዘቡ ላይም ሐሳቡን ይስጥ፤ ሕይወቱ የሱ ነው።

ሂሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይሁን፣ ባለሙሉ ሥልጣኑ የአጎት ልጅ የግል ቴሌብር አይሁን። ውጭ ያሉ ዘመዶች ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) መክፈት ካሰቡ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ባለ ባንክ በቀጥታ ስለማይወጣ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ የታመነ ሰው በስሙ ከፍቶ ያወጣዋል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ጽሑፉ ላይ ይገለጽ። ቀኑ ያልቆየ የሐኪም ማስረጃ ይለጠፍ፣ የካርድ ቁጥሩና ስልኩ ግን ይሸፈን። አስመሳይ ስለበዛ ሰው ቢጠራጠር አትፍረዱበት፣ ደረሰኝ አሳዩት። በወር አንዴ የገባውንና የወጣውን ጻፉ። ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ታማሚው ቢያርፍ የቀረው የት እንደሚሄድ፣ ለሌላ እጥበት ታማሚ ይሁን ለልጆቹ ትምህርት፣ በመጀመሪያው ልመና ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት፤ ያን ጊዜ ለመወሰን ስትቀመጡ ቤተሰቡ ውስጥ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ትቀንሳላችሁ።