ሊኑክስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲጠፋ

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ሌሊቱን በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ሲጭን አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ሁሉም ሠርቷል፤ ዋይፋዩ ብቻ የለም። በቃ ዊንዶውሱን ይመልሱልኝ» አለኝ። አሳዘነኝ። እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሊኑክስን እርግፍ አድርጎ የተወ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ዊንዶውስ አልመለስኩለትም። የጣድነው ቡና ሳይወርድ ዋይፋዩ ሠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር ያስፈልጋል። ቋጠሮውን የሚፈታው ኪሳችሁ ያለው ስልክ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን ሰኩ

አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበት ቦታ ግቡና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩት። ሊኑክስ ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር አብሮት ስላለ ምንም መጫን አያስፈልግም። ትንሽ ቆይቶ በገመድ የተገናኘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከላይ በቀኝ በኩል ይመጣል።

ቴተሪንጉ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ገመዱን ጠርጥሩ። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ ገመዶች ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ ዳታ የሚያስተላልፈው ሽቦ የላቸውም። የዚያ ተማሪ ገመድም እንዲህ ነበር። በእኔ ገመድ ስንቀይረው ወዲያው ሠራ።

ፓኬጅ ያልቃል ብላችሁ አትስጉ። ስልኩ ከቤት ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ በገመዱ የሚያጋራው ያንኑ ዋይፋይ ነው። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን አፕዴት አድርግ የሚለውን መልእክት ለጊዜው እለፉት። አፕዴቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊበላ ይችላል።

ዋይፋይ የሚለው ነገር ጭራሽ ከሌለ

ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ የሚል ቃል ካጣችሁ ሲስተሙ ካርዱን አላወቀውም ማለት ነው። ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የኢንቴል ካርዶች ኩባንያው ራሱ ድራይቨሩን ለሊኑክስ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሠራሉ። የሚያስቸግሩት ብሮድኮምና አንዳንድ ሪልቴክ ናቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብሮድኮም ቢገጥመው አይግረመው።

ካርዱን ለማወቅ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት ሳትለያዩ በትንሹ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለው መስመር የካርዱን ስም ይነግራችኋል።

ከዚያ ስልኩ እንደተሰካ ኡቡንቱ ላይ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ ገብታችሁ «አዲሽናል ድራይቨርስ»ን ክፈቱ። ሊኑክስ ሚንት ከሆነ «ድራይቨር ማናጀር» ይባላል። ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨሩ እዚያው ይታያል። መርጣችሁ አስጭኑና ሪስታርት አድርጉ። ሪልቴክ ሆኖ ምንም ካልታየ ደግሞ ሙሉውን አፕዴት አድርጉ። አዲሶቹ ካርዶች አዲስ ከርነል (የሊኑክስን ዋና አካል) ይፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚያግደው ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ ንኩ ይላል። የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ካመለጣችሁ ኮምፒውተሩ በሰላም ይነሳል፤ ድራይቨሩ ግን ታግዶ ይቀራል። ሰው «ጫንኩት፣ አልሠራም» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህ አምልጦት ነው። ስለዚህ ከስክሪኑ ዓይናችሁን አትንቀሉ። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ የጻፋችሁትን የይለፍ ቃል አስገቡ።

ዋይፋይ አለ፣ ግን አልበራም ካለ

ይህ ቀላሉ ነው። የኪቦርዱን የአውሮፕላን ምልክት ንኩ። አሮጌ ዴል ላቲቱዶች ደግሞ ጎናቸው ላይ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው፤ ቦርሳ ውስጥ እየተነካች ትዘጋለች። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫናችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ። እሱ በርቶ እያለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ካርዱንም እንደያዘው ይተኛል።

ተገናኝቷል፣ ግን ምንም ገጽ አይከፈትም

ከሁሉ በፊት ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ይሠራ እንደሆነ እዩ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ስልኩም ካልሠራ ሊኑክስን አትውቀሱት።

ስልኩ ከሠራ ተርሚናል ላይ ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉትን የላቲን ፊደላት (ፒንግ) በትንሹ ጽፋችሁ፣ አንድ ክፍተት ትታችሁ 8.8.8.8 ጻፉ። መልስ እየተደረደረ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «አይፒቪ 4» የሚለው ጋ ዲኤንኤሱን ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አስገቡ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሁሉንም ገጽ ከከለከለ ግን ቀኑን እዩ። አሮጌ ላፕቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅበት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ገጥሞኛል። ያኔ ኮምፒውተሩ ከዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል፤ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር አስተካክሉት፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ አድርጉት። ዊንዶውስ አብሮ ካለ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሊዛባ ይችላል። ሁለቱ ሲስተሞች የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያነቡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው፤ ገጾቹን የሚዘጋው ግን እሱ አይደለም።

አንድ ቀን አፕዴት አድርጋችሁ ስትነሱ የብሮድኮሙ ዋይፋይ እንደገና ቢጠፋ አትደንግጡ። ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል ሳይሠራ ቀርቶ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን ከርነል ምረጡ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። ድራይቨሩን በዚያው ዋይፋይ እንደገና ትጭኑታላችሁ።