ከኢንስታግራም ገጽዎ የወጡ ተከታዮችን እንዴት መለየት ይቻላል?

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሞልቶ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ተከታይ ይጎርፍለታል፤ የጀልባ ዋጋ ሲለጠፍ ደግሞ ቁጥሩ ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ የጉዞ ገጽ የሚያስተዳድር ሁሉ «ማን ወጣ?» ማለቱ አይቀርም። ኢንስታግራም ለንግድ ገጾች የሚነግረው ግን የወጡትን ብዛት እንጂ ስማቸውን አይደለም።

«ማን እንደተወዎት እንነግርዎታለን» የሚሉ መተግበሪያዎችን አልመክርም። ኢንስታግራም የተከታዮችን ዝርዝር ለውጭ መተግበሪያዎች መስጠት ያቆመው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ ብዙዎቹ የይለፍ ቃልዎን ተቀብለው እርስዎን መስለው ይገባሉ። ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የምትወስድ አንዲት ወጣት የይለፍ ቃሏን በሰጠች ማግስት፣ ገጿ የዲጂታል ገንዘብ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘችው።

ዝርዝሩን ራስዎ ያውርዱ። ከቅንብሮች ወደ አካውንት ማዕከል፣ ከዚያም መረጃ ወደሚወርድበት ክፍል ይግቡ። የተከታዮችን ዝርዝር ብቻ ይምረጡ፤ የፋይሉን ዓይነት ኤችቲኤምኤል፣ ጊዜውን ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ ያድርጉት። ጊዜውን ካልቀየሩት ዝርዝሩ ጎዶሎ ይሆናል። ፋይሉ መዘጋጀቱ ሲነገርዎ ቶሎ ያውርዱት፤ ከ4 ቀን በላይ አይቆይም።

ከወር በኋላ ይህንኑ ይድገሙ። የቀድሞ ዝርዝር ያላስቀመጠ ሰው የሚያወዳድረው ነገር የለውም።

ዋናው ሥራ ማወዳደሩ ነው። በኤክሴል አንድ ዓምድ ላይ አሮጌውን ዝርዝር ከላይ፣ አዲሱን ከሥር ይለጥፉ። ዓምዱን መርጠው የተደጋገሙትን በቀለም እንዲለይ ይዘዙት። ከላይኛው ክፍል ቀለም ያልነካቸው ስሞች አሁን የሉም፤ ከታችኛው ቀለም ያልነካቸው ደግሞ አዲስ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ። ሰው የመለያ ስሙን ሲቀይር የወጣ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ስም ሥር መከተል የጀመረበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ስም ቢቀየርም ይህ አይቀየርም። ስለዚህ ስሙ ቀለም ሳይኖረው ከሥሩ ያለው ቀን ቀለም ካለው፣ ሰውየው ስም ቀየረ እንጂ አልሄደም። ያንኑ ቀንና ሰዓት በታችኛው ዝርዝር ሲፈልጉ አዲሱን ስም ያገኙታል። ይህን ሳያጣሩ ደንበኛን «ለምን ተውከን?» ብሎ መጠየቅ ትዝብት ነው።

የቀሩትን ስሞች አንድ በአንድ ይፈልጉ። የማይከፈት ገጽ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ባለቤቱ እርስዎን አግዷል። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ካሽቆለቆለ ደግሞ፣ በታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) እንደሆነው ኢንስታግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን አጽድቶ ሊሆን ይችላል፤ ለእነርሱ ማዘን አያስፈልግም።

የቴሌግራም ቻናል ካለዎት ይህ ሁሉ ድካም የለም። በአስተዳዳሪው ክፍል ያለው የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ የገባውንም የወጣውንም በስም ያሳያል። የሚይዘው ግን የ48 ሰዓቱን ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለለጠፉት እስከ ሰኞ ጠዋት መመልከት ይኖርብዎታል።