ስብሰባውን ሁለት ሰው ብቻ ሲያወራበት

ሳምንታዊ ስብሰባችን ላይ የሚያወሩት ሁሌም እነዚያው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሌላው ስልኩን ይነካካል። «ሐሳብ ያለው?» ማለት ደግሞ ዝምታውን ያባብሰዋል እንጂ አይፈይድም።

መፍትሔው ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፍና ለሁሉም ተለጣፊ ወረቀት አድላለሁ። 5 ደቂቃ በዝምታ ይጻፋል፤ በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ ብቻ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገራሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ተመሳሳዩን አንድ ላይ እናደርጋለን። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው 3 ነጥብ ይኖረዋል፤ በመረጠው ሐሳብ ላይ ነጥቡን ምልክት ያደርጋል።

አለቃ ካለ ምልክቱን መጨረሻ ላይ ያድርግ። በዚህ ቀልድ የለም! አለበለዚያ ሁሉም የእሱን ነጥብ ይከተላል።

ትንፍሽ የማትለው ባልደረባችን የለጠፈችው «አንዱን ሪፖርት ለምን ሁለቴ እንጽፋለን?» የሚለው ወረቀት ብዙውን ነጥብ ወሰደ። አሁን አንዴ ብቻ ነው የምንጽፈው።