በሐዋሳ የጨዋታ ቤት ሲዘጋ የንግድ ፈቃድ እንዴት ይመለሳል?

በፒያሳ ወይም በመናኸሪያ አካባቢ የከረንቡላ፣ የጆተኒ ወይም የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ የቆየ ሰው ሥራው ሲቀዘቅዝበት ብዙውን ጊዜ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ያስረክባል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስለዋል። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ግን በመዝገብ ላይ አሁንም ነጋዴ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው የሚቆምበትን ቀን ቁርጥ አድርገው ይወስኑ፤ ቀነ ገደቡ ሁሉ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሥራ ያቆመ ግብር ከፋይ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ደግሞ እስካቆመበት ቀን ያለውን ገቢ አስታውቆ ግብሩን እንዲከፍል ያዛል። የክልል ግብር ከፋይ በክልሉ ሕግ ስለሚተዳደር ይህንኑ ከክፍለ ከተማው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት። ማመልከቻውን ሲያስገቡ በቀሪው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥርና ቀን ማስጻፍ አይርሱ። ካሽ ሬጂስተር ካለዎት እሱንም አብረው ያሳውቁ፤ ዕቃ ነው ተብሎ እንደ ወንበር የሚሸጥ አይደለም።

ሠራተኛ ካለ ነገሩ ሰፋ ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ለምሳሌ በቀን 200 ብር እያገኘ 3 ዓመት የሠራ ሰው 6,000፣ 4,000 እና 12,000፣ በድምሩ 22,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የጡረታ መዋጮም፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ እስከ መጨረሻው ወር ተከፍሎ መጠናቀቅ ይገባዋል።

ማሽኖቹን መሸጥ ይቻላል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም በመጨረሻው የገቢ ማስታወቂያ ውስጥ ይካተታል። «ፈቃዱንም ጨምርልኝ» ለሚል ገዢ ግን እሺ አይበሉ። ንግድ ፈቃድን ሌላ ሰው እንዲሠራበት መስጠትም ሆነ ማከራየት በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የተከለከለ ሲሆን፣ ገዢው የሚያመጣው ዕዳም የሚመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። እኔ ከሁሉ የከፋ ስሕተት የምለው ይህንን ነው።

የግብር ክሊራንሱ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎ የሚያረጋግጠው ደብዳቤ፣ በእጅዎ ሲገባ ወደ ክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ዋናውን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንና መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ፤ በወኪል የሚላክ ከሆነ ሕጋዊ ውክልና ያስፈልጋል። ሌላ የንግድ ዘርፍ ካለዎት የሚሰረዘው የጨዋታ ቤቱ ፈቃድ ብቻ መሆኑን በማመልከቻው ላይ ለይተው ይጻፉ። ፈቃዱን አስረክበው ባዶ እጅዎን አይመለሱ፤ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ። ደብዳቤውንና የሒሳብ ሰነዶቹን ለዓመታት ያቆዩ፤ ቤቱ ከተዘጋም በኋላ የግብር ኦዲት ሊመጣ ይችላል።