ከስንቅ ጋር ለታራሚ የምትደርስ ምክር
ጅማ ማረሚያ ቤት ዘመድ የምትጠይቁ፣ ከስንቁ ጋር ይህችንም አድርሱለት። ድብርት ሲጫን ሰውነት ሳይታወቅ ይኮማተራል፤ መንጋጋ ይገጥማል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሸሻል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተዋወቀው ጡንቻን በየተራ ማፍታታት ለዚህ ይረዳል።

ከማታ ቆጠራ በኋላ ይጀምር። ቦታ ጠቦ በጀርባ መተኛት ካልተቻለ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥም ያስኬዳል። ቀኝ እጁን ሎሚ እንደሚጨምቅ 5 ሰከንድ ይጨብጥ፤ ከዚያ በአንዴ ይልቀቅና 20 ሰከንድ ያህል እጁ ሲከብድና ሲሞቅ ያስተውል። ዋናው መልቀቁ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እሱን ያቻኩለዋል። ቀጥሎ ግራ እጅ፣ ግንባር፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት። 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሲጨብጥ ትንፋሹን ካፈነ ያዞረዋል። በሙሉ ኃይሉ ካጠበቀ ደግሞ ባቱን ይሸመቅቀዋል፣ በተለይ በክረምት ሲሚንቶ ላይ፤ ግማሽ ጉልበት ይበቃል። የቆሰለ ቦታ ይዘለል። ለውጡ በየቀኑ ተሠርቶም በሳምንታት ነው የሚመጣው፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለ አያቋርጥ። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ግን ዛሬውኑ ለማረሚያ ቤቱ ጤና ባለሙያ ንገሩ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።