ስለምትወስዱት መድኃኒት አስደንጋጭ ወሬ ስትሰሙ እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ መድኃኒት ከዓመት ዓመት የሚዋጥ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መጥፎ ወሬ መምጣቱ አይቀርም። አንዷ «በሬዲዮ ሰማሁ» ትላለች። ከአዲስ አበባ የመጣ የእህት ልጅ በቴሌግራም የደረሰውን ቪዲዮ ያሳያል። ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሀል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትም ሁኑ ዓለም ከተማ፣ ወሬው በዚያው ቀን ይደርሳችኋል። ሐኪም ጋ ለመድረስ ግን ቀጠሮ፣ መኪናና ብር ያስፈልጋል። ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚጎዳው በዚህ መሃል ነው። ወሬው ደርሷል፣ ምክሩ ገና አልደረሰም፣ ክኒኑ ግን ተቋርጧል። ይህን የጻፍኩት በዚያ መሃል ምን መደረግ እንዳለበት ለማሳየት ነው።

አንደኛ፦ የዛሬውን ክኒን ዋጡ

ጠይቃችሁ እስክትወስኑ ድረስ መድኃኒቱ እንደታዘዘው ይቀጥል። ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይህ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስለ ረጅም ጊዜ መድኃኒቶች የሚወራው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት የሚመጣ ዓይነት ነው፤ ካንሰር ያመጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል ይባላል። እውነት ቢሆን እንኳ አንድ ሳምንት ጠይቆ ለመወሰን ጊዜ አለ። ማቋረጥ ግን በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲተው አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የተባሉት የልብና የግፊት መድኃኒቶች ባንዴ ሲቋረጡ ልብን ያስቸኩላሉ፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረቱን ስለሚቀንስ፣ ድንገት ሲያቆም ሊዝለፈለፍ ይችላል። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ታማሚ መርፌውን ከተወ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ራሱን እስከመሳት ሊደርስ ይችላል።

ግፊት ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ራስ እንኳ ሳያሳምም ለወራት ከፍ ብሎ ይቆያል። «ካቆምኩ ወር ሆነኝ፣ ይኸው ደህና ነኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ደህና መሆናቸውን የሚያውቁት ግን በስሜት እንጂ በመለኪያ አይደለም።

ወሬ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2013 እ.ኤ.አ. ስታቲን ስለሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት በመገናኛ ብዙኃን ለወራት ክርክር ሆነ። በ2016 የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ ከዚያ ዘገባ በኋላ ከ200,000 በላይ ሰዎች መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል። በዚህም የተነሳ በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት ከ2,000 የማያንሱ ተጨማሪ የልብና የደም ሥር ሕመሞች ሊደርሱ እንደሚችሉ አጥኚዎቹ አስልተዋል። ብዙ ሐኪም ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ከዚህ ሕግ የሚወጡ ነገሮች አሉ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት እየወሰደች ያረገዘች ሴትም ቀጠሮዋን መጠበቅ የለባትም። መድኃኒቱ ጽንሱን ስለሚጎዳ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሄዳ ማስቀየር አለባት።

ሁለተኛ፦ የሚወራው ስለ እናንተ መድኃኒት ነው ወይ?

«የግፊት መድኃኒት ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ ስለ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አይናገርም። የግፊት መድኃኒት ደግሞ አንድ አይደለም። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አሉ፤ የአንዱ ጣጣ የሌላው አይደለም።

ስለዚህ የመድኃኒታችሁን ስም ማወቅ አለባችሁ። እኛ አካባቢ እዚህ ላይ ችግር አለ። ፋርማሲስቱ የታዘዘውን ቁጥር ለማሟላት የክኒኑን ቅጠል በመቀስ ይቆርጣል፤ ስሙ የታተመበት ጠርዝ ከሌላው ጋር ይቀራል። ቤት የሚደርሰው «ጠዋት 1፣ ማታ 1» የተጻፈበት ትንሽ ፖስታና ስም የሌለው ክኒን ነው። ከመስኮቱ ሳትለቁ ጠይቁ፦ «ስሙን፣ መጠኑን፣ የአምራቹን ስምና የባች ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጻፍልኝ።» ስልክ ያለው ልጅ አብሯችሁ ካለ ካርቶኑን ፎቶ ያንሳው።

የባች ቁጥር፣ ማለትም መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው ቁጥር፣ ለምን ያስፈልጋል? በ2018 እ.ኤ.አ. ክረምት ቫልሳርታን የተባለ የግፊት መድኃኒት በብዙ አገሮች ከገበያ ተሰበሰበ። አንድ የቻይና አምራች ጥሬ ዕቃ ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚሰጋ ቆሻሻ ተገኝቶ ነበር። ዜናው እውነት ነበር። ነገር ግን የተሰበሰበው ያ ጥሬ ዕቃ የገባበት ምርት እንጂ ቫልሳርታን ሁሉ አልነበረም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ሒሳቡን ሠራ፦ 5,000 ሰዎች የተበከለውን መድኃኒት በከፍተኛው መጠን በየቀኑ ለ7 ዓመት ቢወስዱ፣ ከወትሮው በላይ 1 ተጨማሪ የካንሰር ታማሚ ሊኖር ይችላል። ተቆጣጣሪዎቹ ለታማሚዎች የሰጡት ምክር «ምትክ እስክታገኙ አታቋርጡ» የሚል ነበር። በሬዲዮ ተሰምቶ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው የሚረሳው።

በነገራችን ላይ የክኒኑ መልክ ሲቀየርም ወሬ ይነሳል። ባለፈው ወር ነጭ የነበረው አሁን ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ «የዘንድሮው ውሸት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የተቀየረው አምራቹ ብቻ ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስምና መጠን ከድሮው ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ ክኒኑን ይዛችሁ ወደ ሰጣችሁ ፋርማሲ ተመለሱ።

ሦስተኛ፦ «ስንት ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ900,000 በላይ የግፊት ታማሚዎችን መዝገብ ያየ ጥናት ወጣ። እኛም ዘንድ በብዛት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ያለበትን የመድኃኒት ቤተሰብ ሎሳርታን ካለበት ቤተሰብ ጋር አነጻጸረ። ዜናው «የሳንባ ካንሰርን በ14 በመቶ ይጨምራል» ሆኖ ተሰራጨ። 14 በመቶ ሲባል ጆሮ የሚሰማው ከመቶ ሰው አሥራ አራቱ እንደሚታመም ነው። እንዲያ አይደለም።

ቁጥሩ እንዲህ ነበር። በሎሳርታን ወገን ካሉ 10,000 ሰዎች በዓመት 12 ገደማ፣ በኢናላፕሪል ወገን ካሉ 10,000 ሰዎች ደግሞ 16 ገደማ የሳንባ ካንሰር ታየባቸው። ዕድሜን፣ ማጨስንና የመሳሰሉትን አስተካክለው ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ወደ 14 በመቶ ወረደ። የ12 አሥራ አራት በመቶ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ የሚወራው ከ10,000 ሰው በዓመት ስለ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ያም ቢሆን መድኃኒቱ ራሱ ማምጣቱን ጥናቱ አላረጋገጠም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ የሚያስል ሰው ደረቱን ራጅ ይነሣል፤ የተነሣ ሰው ላይ ደግሞ ያለው በሽታ ቶሎ ይገኝበታል። ይህም አንዱ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል።

በሌላው ሚዛን ላይ ያለውን አስቀምጡት፤ ያልታከመ ግፊት የሚያመጣው ስትሮክ፣ የልብ ድካምና የኩላሊት መድከም። ስለዚህ «በ50 በመቶ ይጨምራል»፣ «እጥፍ ያደርጋል» የሚል ስትሰሙ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ከስንት ሰው ስንቱ ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ? ዜናው ይህን ካልነገራችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ዜና የመጨረሻው ላይሆን ይችላል

በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ቦትስዋና ውስጥ መድኃኒቱን እየወሰዱ ካረገዙ 426 እናቶች የ4ቱ ሕፃናት በአንጎልና በአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ተወልደው ነበር። ያስደነግጣል፤ ማስጠንቀቁም ተገቢ ነበር። አጥኚዎቹ ግን መቁጠራቸውን አላቆሙም። በ2020 ቁጥሩ ከ3,591 እናቶች 7 ሆነ፤ ሌላ መድኃኒት ከሚወስዱት ያለው ልዩነት እየጠፋ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መድኃኒቱን ለሁሉም አዋቂ ተመራጭ አድርጎ ነበር። የ2018ቱ ዜና ግን እስከ ዛሬ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ቢላክ የሚያግደው የለም። የደረሳችሁ መልእክት ላይ ቀን ፈልጉ። ቀን ከሌለው አትመኑት።

ተናጋሪውንም እዩ። ቪዲዮው «መድኃኒቱን ጣሉት» ብሎ ጀምሮ በስልክ ቁጥርና በዱቄት ሽያጭ ካለቀ ነገሩ ግልጽ ነው። ጦስኝ ከመንዝ ደጋ የሚወርድ ግሩም ሻይ ነው፤ ሽፈራውም፣ ነጭ ሽንኩርትም ምግብ ናቸው። ጠጧቸው፣ ብሏቸው። የታዘዘውን ክኒን ይተካሉ የሚላችሁን ግን አትስሙ። በብዛት የምትወስዱት ባህላዊ ነገር ካለም ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከክኒኑ ጋር የሚጋጭ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ የሚያውቃችሁን ባለሙያ ጠይቁ

ካርዳችሁ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከማንም ይበልጣል፤ ኩላሊታችሁን፣ ዕድሜያችሁን፣ ሌላ ሕመማችሁን የሚያውቀው እሱ ነው። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ፋርማሲስቱ ቅርብ ነው። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ጠይቁ፤ መልሱን ባታውቀው እንኳ ለማን እንደሚደወል ታውቃለች። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

ጥያቄውን ጽፋችሁ ሂዱ። ወረፋ ረዝሞ፣ ባለሙያው ተጣድፎ፣ ሰው የመጣበትን ረስቶ ይመለሳል። እነዚህን ጻፉ፦ ይህ መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ? ባልወስደው ምን ይደርስብኛል? የሰማሁት ነገር እኔን ይመለከታል? ምትክ አለው ወይ?

«ዝም ብለሽ ዋጪ» የሚል መልስ በቂ አይደለም። እናቶቻችን ባለሙያ ፊት መከራከር ይከብዳቸዋል፤ «እሺ ዶክተር» ብለው ወጥተው ቤት ሲደርሱ ክኒኑን ያስቀምጡታል። ልጅ አብሮ ይግባ። «ዶክተር፣ እማዬ ፈርታለች፤ አልገባትም፤ በእግዜር ቢያስረዱልን» ማለት ድፍረት አይደለም። አሁንም ካላረካችሁ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ፤ እስከዚያው ክኒኑ አይቋረጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወሬውን ቶሎ የሚያምነው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ቀድሞ ያስመረረው ሰው ነው። ኢናላፕሪል ሌሊት ያስለዋል፣ አምሎዲፒን እግሩን ያሳብጠዋል፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሆዱን ያውከዋል። ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቪዲዮው ሲመጣ «ይኸው፣ አውቄ ነበር» ይላል። ስለዚህ አባታችሁ «ካንሰር ነው አሉ» ካላችሁ፣ ስለ ካንሰሩ ከመከራከራችሁ በፊት «አባዬ፣ ክኒኑ ምን እያደረገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያስል ከሆነ ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን ሊቀይርለት ይችላል። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድን ያን ያህል አይረብሽም።

ጸበል ከመሄዳችሁ በፊት

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ የሚገባ ሰው «እዚያ መድኃኒት አይወሰድም» ሲባል ይሰማል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር እንደማይጋጭ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ለምትቆዩበት ቀን የሚበቃ ክኒን፣ ከዚያም ትንሽ ጨምራችሁ ያዙ። የስኳር ታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ሰዓቱና መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል ጠይቁ። ምግብ ሳይቀምሱ ኢንሱሊን መወጋት ስኳሩን አውርዶ ይጥላል።

መድኃኒቱ ከተቀየረ

ጠይቃችሁ፣ ተመዝኖ፣ ባለሙያው ለመቀየር ከወሰነ የድሮውና አዲሱ አብረው እንዳይዋጡ ተጠንቀቁ። የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚቆምና ቀስ በቀስ ይቀነስ እንደሆነ አስጽፉ። የተረፈውን ክኒን «እሷም ግፊት አለባት» ብላችሁ ለጎረቤት አትስጡ፤ ወደ ፋርማሲ መልሱት። ግፊታችሁን ባለሙያው በነገራችሁ ጊዜ፣ ቢዘገይ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ አስለኩ። ቁጥሩንም ከቀኑ ጋር ደብተራችሁ ላይ አስጽፉት።